«ቆንጆ ነው» ካልን በኋላስ?

ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምግቡን ግማሽ ትቶ «ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ሁለተኛ አይመለስም። ሌላው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ምስሩ ዛሬ ጨው በዝቶበታል» ይላል። ለጊዜው ያናድደኛል፤ ግን ወጥ ቤት ገብቼ የማስተካክለው በእሱ ምክንያት ነው። ይህን እያወቅሁ አንድ ልጅ የጉዞ ፎቶውን ሲያሳየኝ ከሁለቱም የባሰ ሆንኩ።

ልጁ የቆየች ደንበኛዬ ልጅ ነው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው ተወልዶ ያደገው። በ2019 ለገና ከእናቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ሄዶ ሰሜን ተራሮችን አይቶ መጣ። ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሁለት ሦስቱን አየት አደረግሁና «ይሄማ ጉግል ላይ ሞልቷል» አልኩት። ለቀልድ ነበር። ልጁ ፈገግ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከወር በኋላ እናቱ ሒሳብ ስትከፍል «ምን ብለኸው ነው? ለአያቱ እንኳን አላሳይም አለ እኮ» አለችኝ። አፈርኩ።

ሰኞ ከሰዓት ገበያ ስለማይኖር ቡና አስፈልቼ ጠራሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እኔ የፎቶ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ወጥ ለመቅመስ ወጥ ሠሪ መሆን ግድ አይደለም፤ የቀመሱትን በትክክል መናገር ይበቃል። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት «እዚያ ስትቆም ምን ተሰማህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ በጣም ትንሽ እንደሆንኩ» አለኝ።

ፎቶው ላይ ግን ያነሰው ገደሉ ነበር! እሜት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ እግርህ ሥር መሬቱ ያልቃል። የስልክ ካሜራ ግን ሰፊ ቦታ ለማስገባት ሲል ሩቁን ያሳንሰዋል፤ ያ ሁሉ ተራራ የጉብታ ረድፍ ይመስላል። ሁሉንም ላስገባ ከማለት አንዱን ጫፍ መርጦ አቅረብ አድርጎ ማንሣት ይሻላል። ሌላው ሰዓቱ ነው። ያነሣው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ስለሚያጥር ጥልቀት አይታይም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢሆን ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ሸንተረሩን አንድ በአንድ ይለየው ነበር። ጭላዳዎቹም ገደሉ ላይ አድረው ወደ ሣሩ የሚወጡት ጠዋት ነው።

ይህን ሁሉ በአንዴ አላወረድኩበትም። ያለፈውን ሰዓት ተመልሶ አያመጣውም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ እንዲይዘው ብቻ ነገርኩት። ዛሬ የሚስተካከለውን ግን አብረን ፈለግን።

ስልኩን ሳገላብጥ እሱ ያለፈው አንድ ፎቶ አገኘሁ። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከአንድ ትልቅ ጅብራ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሸለቆው ወደ ሰማያዊ እየደበዘዘ ይርቃል። «ይሄ የቤተሰብ ነው» ብሎ ከተራራዎቹ ለይቶት ነበር። «ትንሽነት ያልከኝ ይኸውልህ!» አልኩት። ጅብራ ሲያብብ ከሰው በላይ ይቆማል፤ እሷ ከሥሩ ስትታይ ዓይን መለኪያ ያገኛል። ወላጆቻችን ሰው የሌለበት ፎቶ ሲያዩ «ባዶ ገደል ምን ያደርጋል?» የሚሉት ለካ ጨርሶ አልተሳሳቱም። ስሕተታችን ሰውየውን መሐል ላይ እንደ ምሰሶ መገተራችን ነው።

በቀኝ በኩል ግማሽ መኪና ገብቶ ነበር፤ ቆረጥነው። የዘመመውን አድማስ አቃናነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሣሩን አረንጓዴ ላድርገው ሲል ግን ለምኜ አስተውኩት። በጥር የሰሜን ሣር ቢጫ ነው፤ ቢጫነቱን ከወሰድክበት ወሩንም ወሰድክ ማለት ነው።

እርግጥ ፎቶ ያሳየን ሁሉ አስተያየት ፈልጎ አይደለም። ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ይዛ የተነሣችውን ስታሳየኝ አድማሱ ዘመመ አልላትም፤ ደስታዋን ነው የምታካፍለኝ። በቤተሰብ ቴሌግራም ላይም ልብ ልኮ ማለፍ ክፋት የለውም። «እንዴት ነው?» ብሎ ዓይን ዓይናችንን የሚያየው ልጅ ግን ሌላ ነው። እሱ ጋ ስልኩን ተቀብሎ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜ ከሌለን «ሰኞ ና» ማለት ይቻላል። እኔ ያን ቅዳሜ ይህን ብል ኖሮ ወር ሙሉ ባልተቀያየምን።

ያቺ ፎቶ አሁን ከባንኮኒው በላይ ተሰቅላለች። አያቱም አይተዋታል።

ባለፈው ጥቅምት ሸናንዶዋ ሄዶ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ጎሕ ሲቀድ ያነሣውን ይዞልኝ መጣ። ብርሃኑ ግሩም ነው። መንገዱ ግን የፎቶውን ግማሽ በልቶታል፤ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል? ሽሮዋ ዛሬ ቀጥናለች።»

ማንኪያ አንሥቼ ቀመስኩ። እውነቱን ነው።