ከማማ ላይ የማይታየው ጠላት

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሐርቡን የሚያውቅ ሰው፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከሰው ቁመት በላይ የሚቆመውን ማሽላ ሳያስታውስ አይቀርም። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጆችም ወንጭፋቸውን ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ግሪሳ ክፉ ጠላት ነው፤ ነገር ግን በዓይን ይታያል፣ በጆሮ ይሰማል፣ በጩኸትና በድንጋይም ይባረራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቀው ጠላት እንዲህ አይደለም። ልጁ ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ፣ ቁመቱ ከሁለት ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ሆዱ ብርቱካንማ የሆነ ትንኝ ነው። ሊቃውንት «የማሽላ ትንኝ» ይሉታል፤ በአገራችን ከታወቁት የማሽላ ተባዮችም አንዱ ነው።

ይህ ትንኝ ወገኑ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ተመርምረው ስም የወጣላቸው ዘመዶቹ ከ6,000 ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በዕፅዋት ላይ ሲሆን፣ ጠባያቸውም የሚያስደንቅ ነው። ትሉ የአንዱን ተክል ቅጠል ወይም እንቡጥ ሲነካው ተክሉ በዚያ ቦታ ያብጣል፤ እብጠቱም ለትሉ ቤትም ምግብም ይሆነዋል። ተክሉ በገዛ እጁ ለጠላቱ ቤት ሠርቶ፣ ቀለብ ሰፍሮ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ደግሞም ከእነዚህ ትንኞች የሚበዙት የሚስማማቸው አንድ ዓይነት ተክል ወይም የዚያው ተክል የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። የማሽላው ትንኝ እብጠት አያሠራም፤ የተዘጋጀ ቤት አለውና። ቤቱ የማሽላው አበባ ነው።

አኗኗሩን ብንመለከት ነገሩ ግልጥ ይሆንልናል። ሴቲቱ ትንኝ በሕይወት የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ነው። በዚህች አጭር ዕድሜ ውስጥ ያበበ ማሽላ ማግኘት አለባት። ያላበበ አይሆናትም፤ አበባው ያለፈም አይጠቅማት። ያበበውን ባገኘች ጊዜ በየአበባው እየዞረች በጠዋት ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ አንዲቱ ከ30 እስከ 100 ልትጥል ትችላለች። ዕንቁላሉ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉም ገና ፍሬ ሊሆን የተዘጋጀውን ክፍል ይመጠዋል። አንድ ፍሬ ለማጥፋት አንድ ትል ይበቃል። ዕንቁላል ከተጣለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ትንኝ በርሮ ይወጣል፤ ሌላ ያበበ ማሽላም ፍለጋ ይሄዳል።

ገበሬው የሚያየው መጨረሻውን ነው። አገዳው ጤነኛ፣ ቅጠሉ ለምለም፣ ራሱም የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ሲታሸት ፍሬ የለውም። አንዱ ዝናብ አጠረው ይላል፤ ሌላው መሬቱ ደከመ ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከባዶው ገለባ ጫፍ ላይ ትንኙ ሲወጣ ጥሎት የሄደው ነጭ ስስ ቅርፊት ተንጠልጥሎ ከተገኘ፣ ወይም አበባው ሲጨመቅ ቀይ ውኃ ካወጣ፣ ጥፋቱ የትንኙ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ዓይን ይበቃል።

እንግዲህ መድኃኒት ቢረጭስ የሚል አይጠፋም። ትሉ በገለባው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር መርጩ አይደርስበትም። መርጩ የሚገድለው በዚያ ጠዋት የሚበረውን ትንኝ ነው፤ በማግሥቱ ሌላው ይመጣል። ገንዘቡም የሐርቡን ባለ ጥማድ አቅም የሚፈትን ነው።

የትንኙ ድካም ያለው በዕድሜው ማጠር ነው። አንድ የማሽላ ራስ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች አብቦ የሚጨርሰው በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። የአንድ አገር ማሽላ ባንድነት ያበበ እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ትንኞች ለብዙው አበባ አይበቁም፤ ልጆቻቸው በርረው ሲወጡም አበባው አልፎ ያገኙታል። ነገር ግን አንዱ ጎረቤት ቀድሞ፣ ሌላው ከሦስት ሳምንት በኋላ የዘራ እንደ ሆነ፣ የቀደመው ማሳ ለኋለኛው ትንኝ ያረባለታል። ዕዳውን የሚከፍለው የዘገየው ነው።

በጊዜ ጠላትን ማሸነፍ በሌላም አገር የታወቀ ጥበብ ነው። በአሜሪካን አገር ስንዴን የሚያጠቃው የዚሁ ትንኝ ዘመድ «የሄስ ዝንብ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770ዎቹ ለጦርነት የቀጠሯቸው የሄስ ወታደሮች ከጭድ ጋር አመጡት ተብሎ ስለታመነ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች በበልጋቸው ዝንቡ ዕድሜውን ጨርሶ እስኪያልቅ ቆይተው መዝራትን ተማሩ። ዝንቡ ሳይነካ፣ ቀኑን በማወቅ ብቻ እህላቸውን አተረፉ።

በወሎ ቆላ ግን ቀን መምረጥ እንደ ቃሉ ቀላል አይደለም። ባላገሩ በሚያዝያና በግንቦት የሚዘራው የጥንቱ ማሽላ ብዙ ወራት ይፈልጋል። የበልጉ ዝናብ የቀረ ጊዜ ያ ዘር ይቀርና በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ቶሎ የሚደርሰው እንደ «ተሻለ» ያለው ዘር ይተካል። ይህ ዘር ከረሃብ የሚያድን ነውና የሚነቀፍ አይደለም። የሚያስፈልገው ምክር ነው፤ ዝናቡ ያስገደደው መለወጥ በየቤቱ ለየብቻ ሳይሆን በቀበሌው ባንድነት እንዲደረግ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ከዐውድማ የቀረው ባዶ ገለባም መቃጠል ወይም ለከብት መዋል አለበት፤ ትሉ በውስጡ ተኝቶ የሚቀጥለውን ክረምት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚያልፈውን ይጠብቃልና።

ሁለተኛው መከላከያ ዘሩ ራሱ ነው። አንዳንዱ ማሽላ ገለባው አጭርና ጥብቅ ስለሆነ ሴቲቱ ዕንቁላሏን ለማግባት ይቸግራታል። ሌላው ደግሞ ትንኙ ከመድረሱ በፊት፣ በሌሊት አበባውን ከፍቶ ይዘጋል። በቴክሳስ ያሉ የእርሻ ሊቃውንት ትንኙን የሚቋቋም ዘር ሲያወጡ ከመሠረቱት አንዱ ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ ነበር። ማሽላ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የለመደ እህል ነውና ጠላቱም መድኃኒቱም ከዚሁ ቢገኝ አያስገርምም። የሚያሳዝነው፣ ባላገሩ አንድ የአባቱን ዘር መዝራት ሲተው ገለባው ጥብቅ ነበረ ወይስ ልል ብሎ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ መቋቋሙ ታላቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በማከማቻ ያለ ዘር በየዓመቱ ከአዲስ ዝናብና ከአዲስ ትንኝ ጋር አይታገልም። ያን ማድረግ የሚችለው በማሳ ያለው ነው።

ስለዚህ የእርሻ ትምህርት ጨርሶ ወደ ቃሉ ወረዳ ወይም ወደ ሌላው ቆላ የሚመደብ ወጣት ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይሂድ እንላለን። በዚህ ቀበሌ ማሽላው መቼ መቼ ነው የሚያብበው? የሽማግሌዎቹስ ዘር ስንት ዓይነት ቀርቷል? መልሱን ከባላገሩ አፍ ሰምቶ በመዝገብ ያስፍር። የዘር ቀኑ ምክርም ከሚያዝያ በፊት ይደረግ፤ በመስከረም ትንኙ ከመጣ በኋላ ማንም ቢሰበሰብ ከማማው ልጅ የበለጠ ሊያደርግ አይችልም።