ደመወዝ የሚያሰላው ደንብ የማን ነው?

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የሚከፍለው የገቢ ግብር ከ2,045 ወደ 1,650 ብር ወረደ። የማሻሻያ ዐዋጁ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ፤ የ10 በመቶው እርከን ቀረ፤ 35 በመቶ የሚከፈለውም ከ10,900 መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ሆነ። ለደመወዝ ግብሩ በዐዋጁ ላይ የተለወጠው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ፔሮል በሚሠራ ሶፍትዌር ውስጥ ግን ይኸው ለውጥ አንዱ ድርጅት ዘንድ የደቂቃዎች፣ ሌላው ዘንድ የሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ገና ሲታሰብ ደንቡ የት እንዲቀመጥ እንደተመረጠ ነው።

ፕሮግራመሮች ቢዝነስ ሩል የሚሉት የአሠራር ደንብ፣ አንድ ድርጅት ምን እንደሚፈቅድ፣ ምን እንደሚከለክልና እንዴት እንደሚያሰላ የሚናገር ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል። እንዲህ ያሉ ደንቦች ፔሮል በመዝገብና በካልኩሌተር በሚሠራበት ዘመንም ነበሩ። ባለቤታቸው ሕግ አውጪው፣ የኅብረት ስምምነቱን የፈረሙት ወገኖች ወይም የድርጅቱ ሥራ አመራር ነው። ፕሮግራመሩ ባለአደራ ነው።

ሮናልድ ሮስ አርታኢ የሆነለትና ቢዝነስ ሩልስ ግሩፕ የተባለው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የአቋም መግለጫ አጥብቆ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ደንብ ከሥራ ሂደቱ ተለይቶ፣ የሥራው ባለቤት ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ ይጻፍ። ጥያቄው መቼ ይጻፍ የሚለው ነው። ሶፍትዌር በምዕራፍ ከፋፍለው ከሚሠሩ ዘዴዎች መካከል በስፋት የታወቀው ራሽናል ዩኒፋይድ ፕሮሰስ ሥራውን በአራት ምዕራፍ ያስኬደዋል፦ ጅማሮ፣ ማብራሪያ፣ ግንባታና ርክክብ። በየምዕራፉ ውስጥም ሥራው በአጫጭር ዙሮች እየተሠራ፣ እየተፈተሸና እየተስተካከለ ይሄዳል። ለደንቦች እያንዳንዱ ምዕራፍ የየራሱ ድርሻ አለው።

በጅማሮ ላይ ደንቦቹን ሁሉ ለመጻፍ መቸኮል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ምንጮቹንና ባለቤቶቹን ማወቅ ነው፤ የትኛው ከዐዋጅ፣ የትኛው ከኅብረት ስምምነት፣ የትኛው ከሥራ አስኪያጁ የውስጥ ማስታወሻ እንደመጣ። የቃላቱም ትርጉም እዚሁ ይቆረጥ። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ፣ ግብሩ ደግሞ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ነው። ሁለቱም «ደመወዝ» እየተባሉ ሥራው ከተጀመረ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ዋናው ሥራ ያለው በማብራሪያው ምዕራፍ ነው፤ በጥድፊያ የሚታለፈውም እሱ መሆኑ ያሳዝነኛል። እዚህ እያንዳንዱ ደንብ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመጣበት አንቀጽ፣ የሚጸናበት ቀንና የሚጠየቅበት ሰው አብረው ይመዘገባሉ። ከዚያ ደንቦቹን እርስ በርስ ማፋጠጥ ነው። የሕዝብ በዓል ከሳምንት ዕረፍት ቀን ጋር ሲገጥም ምን ይከፈላል? የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ ክፍያው አንድ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን ጥያቄ በዚህ ምዕራፍ ማንም ካላነሳው ግን ፕሮግራሙ ሁለቱንም ክፍያ ሊደምር ይችላል።

ክልከላዎችም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 15 ሰዓት ሠርቶ ቢገኝስ? ሶፍትዌሩ መዝገቡን አልቀበልም ይበል፣ አስጠንቅቆ ይለፍ፣ ወይስ የኃላፊ ውሳኔ ይጠብቅ? አልቀበልም ካለ የሠራው ሰው ላቡ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህን የሚመልሰው ደንቡን የያዘው ሰው ነው፤ ፕሮግራመሩ ኮድ ሲጽፍ በግምት የሚሞላው ክፍተት መሆን የለበትም።

ደንቡ የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔም የሚሰጠው በዚሁ በማብራሪያው ምዕራፍ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን አቋራጭ ለምሳሌ እንውሰድ። በቀድሞው ሰንጠረዥ 10,000 ብር በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ይቀነስለት ነበር፤ አሁን በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ይቀነስለታል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን 955 ከእርከኖቹ ተሰልቶ የተገኘ ተቀናሽ ስለሆነ በዐዋጁ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም። ይህ ቁጥር በፔሮሉ ስሌት፣ በወርኃዊ ሪፖርቱና በደመወዝ መግለጫው ኮድ ውስጥ ተበትኖ ከተቀመጠ፣ ሕጉ ሲለወጥ ዐዋጁን የያዘ ሰው ኮዱ ውስጥ ሊያገኘው አይችልም። እርከኖቹ አንድ ቦታ በሰንጠረዥ ተቀምጠው ተቀናሹ ከእነሱ ቢሰላ ግን የሚለወጠው ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

የሰንጠረዡ አሮጌ ረድፎች አይሰረዙ። የቀድሞው ምጣኔ ሰኔ 30 ላይ ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ላይ ይከፈታል። በነሐሴ የግንቦትን ደመወዝ የሚያርም ሒሳብ ሠራተኛ በግንቦት ይጸና የነበረውን ደንብ ማግኘት አለበት፤ ኦዲተሩም ከዓመታት በኋላ ሲመጣ እንዲሁ።

ግንባታው ላይ ደንቡን ኮድ ያደርጉታል፤ ምሳሌዎቹን ግን የሒሳብ ሠራተኛው ያዘጋጅ። ፈተናው በእርከኖቹ ድንበር ላይ ነው፦ 2,000 ብር ግብር የለውም፣ 4,000 ብር 300፣ 14,000 ብር 2,850 ብር ይከፍላል። እያንዳንዱ ቴስት የሚፈትሸውን ደንብ ቁጥር ከያዘ፣ ቴስቱ ሲወድቅ የቱ አንቀጽ እንደተጣሰ ወዲያው ይታወቃል።

ደንቦቹ በጣም ሲበዙ ለዚሁ የተሠራ፣ የደንብ ሞተር የሚባል ሶፍትዌር አለ። ቻርልስ ፎርጂ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈጠረው ሬቴ የተባለ ስልት፣ አዲስ መረጃ በገባ ቁጥር ደንቦችን ሁሉ ከመጀመሪያው ሳይፈትሽ የሚመለከታቸውን ለይቶ ያነሳል። ድሩልስን የመሳሰሉ መሣሪያዎች የተሠሩት በዚህ ላይ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ የኮምፒውተር ትዕዛዞችን ለማዋቀር ይጠቀምበት የነበረው ኤክስኮን የተባለ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ደንቦች ነበሩት፤ እነሱን ሳያፋልሱ ማደስ ራሱ ከባድ ሥራ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ ለሌለው ድርጅት ሞተሩን አልመክርም። ቀን ያለው ሰንጠረዥና በንጽሕና የተያዘ የደንብ መዝገብ ይበቃዋል።

በርክክብ ላይ ሶፍትዌሩ ብቻውን አይሰጥም፤ መዝገቡም አብሮ ይሰጣል። አሮጌውና አዲሱ ፔሮል ለተወሰኑ ወራት ጎን ለጎን ይሠሩ፤ የአንድ ብር ልዩነት ሲገኝ በየትኛው ደንብ እንደመጣ እስኪታወቅ አይታለፍ። ሰንጠረዡን የመለወጥ ሥልጣንም በሁለት ሰው ይያዝ፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ አዲሱን ምጣኔ ታስገባለች፣ የፋይናንስ ኃላፊው ከዐዋጁ ጋር አመሳክሮ ያጸድቃል፤ ማን መቼ እንደለወጠውም ይመዘገባል። ፕሮግራመሩ የሚጠራው የስሌቱ ዓይነት ራሱ ሲለወጥ ነው።