የሚጫነውና የሚቀረው፦ ጨረር አመንጪ ቁሶች ያሉበት ቤተ ሙከራ አዛዋወር

አንድ ቤተ ሙከራ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሲዛወር ዕቃው ተቆጥሮ፣ ታሽጎና ተጭኖ በአዲሱ ቦታ ሲራገፍ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ጨረር አመንጪ ቁሶችን ለሚጠቀም ቤተ ሙከራ ግን ይህ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጨረር አመንጪ ወይም ራዲዮአክቲቭ የሚባለው ቁስ የአቶሙ አስኳል ያልተረጋጋ በመሆኑ ራሱን በራሱ እየለወጠ ኃይል ያለው ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ የማይታይና የማይሸት ስለሆነም ምን እንደተጫነና ምን እንደቀረ የሚታወቀው በመዝገብና በመለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። በዘርፉ ከደረሱት ከባድ አደጋዎች አንዳንዶቹ እንደሚያሳዩት፣ በጉዞ ላይ ያለ ቁስ አብዛኛውን ጊዜ ጠባቂ አለው፤ ጠባቂ የሚያጣው ባለቤቱ ፊቱን ወደ አዲሱ ሕንፃ ካዞረ በኋላ በአሮጌው የሚቀረው ነው።

እነዚህ ቁሶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። «የታሸገ ምንጭ» በሚባለው ወገን ቁሱ በተበየደ የብረት እንክብል ውስጥ ተዘግቶ ጨረሩ ብቻ ይወጣል፤ የካንሰር ሕክምና መሣሪያዎች ምንጮች ከዚህ ይመደባሉ። «ያልታሸገ ምንጭ» የሚባለው ደግሞ በፈሳሽ፣ በዱቄት ወይም በጋዝ መልክ እየተቀዳና እየተቀላቀለ የሚሠራበት ሲሆን፣ የባዮሎጂ ተመራማሪዎች ዘረመልንና ፕሮቲንን ለመከታተል የሚጠቀሙባቸው ፎስፈረስ-32፣ ትሪቲየምና ካርቦን-14 በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው ከእጅ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ብዙ ጉዳት ያደርሳል፤ ሁለተኛው ጠብታ በጠብታ ጠረጴዛን፣ ወለልንና የፍሳሽ ቧንቧን ይበክላል።

የታሸገ ምንጭ ሲዘነጋ ምን እንደሚያስከትል በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ የደረሰው አደጋ በሚገባ ያስረዳል። በከተማዋ ይሠራ የነበረ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1985 መገባደጃ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር የኮባልት-60 መሣሪያውን ይዞ ሄደ፤ የሲዚየም-137 መሣሪያውን ግን ፈቃድ ለሰጠው አካል ሳያሳውቅ በአሮጌው ቦታ ተወው። ሕንፃው በከፊል ፈርሶ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ገብተው የመሣሪያውን ዋና ክፍል ለብረቱ ዋጋ ሲሉ ነቅለው ወሰዱና ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። እንክብሉ ተሰብሮ ስለነበር ውስጡ ያለው 93 ግራም ገደማ የሲዚየም ክሎራይድ ዱቄት ተጋለጠ፤ ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ሰዎች እንደ ብርቅ ነገር የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ቁራሽ ለዘመድና ለወዳጅ አካፈሉት። የምንጩ መጠን 50.9 ቴራቤክሬል ነበር፤ ቤክሬል በሴኮንድ አንድ የአስኳል ለውጥ ማለት ሲሆን፣ ቴራቤክሬል ደግሞ የዚያ አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ነው።

ነገሩ የታወቀው የነጋዴው ቤተሰብ መታመም ከጀመረ በኋላ፣ የተረፈው ቁስ በከረጢት ተይዞ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ጤና ባለሥልጣናት ከተወሰደና በማግሥቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ በተዋሰው መሣሪያ ከለካው በኋላ ነው። 112,000 ያህል ሰዎች ተመርምረው 249ኙ የተበከሉ ሆነው ተገኙ፤ አራት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን፣ ሞቱ፤ ከጽዳቱ የተሰበሰበው የተበከለ አፈር፣ ፍርስራሽና ዕቃ 3,500 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ወቀሳውን በሁለቱ ሰዎች ላይ መጫን ቀላል ቢሆንም ተገቢ አይደለም፤ አደጋው የተዘጋጀው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ተቋሙ በለቀቀበት ቀን ነው። በዚያን ቀን አንድ ደብዳቤ ለፈቃድ ሰጪው ቢጻፍ ኖሮ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ አካል ይኖር ነበር።

ስለዚህ የዝውውር ዕቅድ የሚጀምረው ከመጫኛው መኪና ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያውና ከመዝገቡ ነው። የእያንዳንዱ ጨረር አመንጪ ቁስ መጠን በግማሽ የሚቀንስበት የተወሰነ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል፤ አሥር ግማሽ ዕድሜ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ከመጀመሪያው ከአንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። የፎስፈረስ-32 ግማሽ ዕድሜ 14.3 ቀን በመሆኑ፣ አስተዋይ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ከዝውውሩ አምስት ወር ቀደም ብሎ አዲስ ግዢ ቢያቆም፣ ዝውውሩ ሲደርስ የነበረው ቁስና ቆሻሻው አብዛኛው በራሱ ጊዜ ከስሞ ይጠብቀዋል። ግማሽ ዕድሜው 87 ቀን የሆነው ድኝ-35 ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ 12.3 ዓመት ለሚፈጀው ትሪቲየምና 5,730 ዓመት ለሚፈጀው ካርቦን-14 ግን መጠበቅ መፍትሔ ስለማይሆን ወይ ይጓዛሉ ወይም ፈቃድ ላለው ቆሻሻ ተቀባይ ይተላለፋሉ።

በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ከመደርደሪያው ጋር ማመሳከር ከባድ አይደለም፤ ከባዱ በመዝገቡ ያልሰፈረውን ማግኘት ነው። ጨረርን ለመለካት የሚያገለግለው የፈሳሽ ብልጭታ ቆጣሪ ራሱ ለማስተካከያ የሚሆን ትንሽ የታሸገ ምንጭ በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል። በጋዝ ክሮማቶግራፍ መሣሪያ ላይ የሚገጠም አንድ ዓይነት መመርመሪያ ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 100 ዓመት ገደማ የሆነ ኒኬል-63 አለው፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍሎችም ናሙና የሚያቀልሙበትን የዩራኒየም ጨው ከተራ ኬሚካሎች ጋር ደርድረውት ይገኛሉ። የዕቃ ማጓጓዣ ሠራተኞች እነዚህን እንደ ማንኛውም ማሽን አንሥተው ቢጭኑ የሚፈረድባቸው አይሆንም፤ ጥፋቱ ሳይነግራቸው የላካቸው ቤተ ሙከራ ነው።

ማቀዝቀዣዎች ለብቻቸው ሊነሡ የሚገባቸው ናቸው። በትሪቲየም የተሠሩ ውህዶች በራሳቸው ጨረር እየተበታተኑ ትሪቲየም ያለበት የውሃ ትነት ይለቃሉ፤ ትነቱም በማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ ከሚጋገረው አመዳይ ጋር ይረጋል። ማቀዝቀዣው ለመጓዝ ሲነቀል አመዳዩ ቀልጦ ወለሉን ያረጥባል፤ ይህን ውሃ በተራ መወልወያ ያጸዳ ሰው ብክለቱን ሳያውቅ በክፍሉ ሁሉ ያዳርሰዋል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የትሪቲየም ጨረር ደካማ ከመሆኑ የተነሣ የተለመደው የጋይገር ቆጣሪ ሊያገኘው አለመቻሉ ነው፤ ጨረሩ በአየር ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፣ የቆጣሪውንም መስኮት አይበሳም። ስለዚህ ባለሙያዎች ገጽታዎችን በትናንሽ ክብ ወረቀቶች ጠርገው፣ ወረቀቶቹን በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ጨረሩ የሚፈጥረውን ብልጭታ ይቆጥራሉ። የጋይገር ቆጣሪ ዝም አለ ብሎ ክፍሉን ንጹሕ ነው ማለት በዚህ ሙያ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ አሳሳቹ ነው።

ብክለት ከተመራማሪው ዕድሜ በላይ እንደሚቆይ ከማሪ ኩሪ ሥራዎች የበለጠ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ፓሪስ ሲቃረብ ኩሪ የነበራትን አንድ ግራም ራዲየም በእርሳስ በተለበጠ ከባድ ሣጥን አድርጋ በባቡር ወደ ቦርዶ ወስዳ በባንክ ካዝና አስቀምጣዋለች፤ በዘመኑ ዕውቀት ሲመዘን በጥንቃቄ የተከናወነ ጉዞ ነበር። የራዲየም-226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት በመሆኑ ግን ቁሱ በተነካካባቸው ማስታወሻ ደብተሮቿ ላይ የቀረው ርዝራዥ ዛሬም በመሣሪያ ይለካል፤ የፓሪስ ቤተ ሙከራዋም ሙዚየም ለመሆን በቅድሚያ ከብክለት መጽዳት ነበረበት።

ጉዞውን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ እያሻሻለ ያወጣው የማጓጓዣ ደንብ የአገሮች ሕግ መሠረት ነው። አስተሳሰቡ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ ሊሳሳት ስለሚችል ደኅንነቱ በእርሱ ላይ ሳይሆን በማሸጊያው ላይ መመሥረት አለበት። አነስተኛ መጠን «ዓይነት ኤ» በሚባል፣ የተለመደውን መውደቅና መጫጫን በሚቋቋም ማሸጊያ ይጓዛል፤ እንደ ሕክምና ምንጮች ያለው ከፍተኛ መጠን የሚያስፈልገው «ዓይነት ቢ» ደግሞ ከ9 ሜትር ከፍታ በማይበገር ወለል ላይ መጣልንና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየትን ችሎ ማለፍ አለበት። በማሸጊያው ላይ የሚለጠፈው ነጭ ወይም ቢጫ ምልክት በገጽታውና በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚለካውን የጨረር መጠን ደረጃ ይናገራል። ወፍራም እርሳስ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ግምትም አይሠራም፤ የፎስፈረስ-32 ቅንጣቶች ከእርሳስ ጋር ሲጋጩ ኤክስሬይ ስለሚፈጥሩ፣ ጠርሙሱ በቅድሚያ በፕላስቲክ መከበብ ይኖርበታል።

እርግጥ በጉዞ ላይም አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በሜክሲኮ ከቲሁዋና ሆስፒታል የወጣ የኮባልት-60 ምንጭ ወደ ማከማቻ ሲጓዝ ከነመኪናው ተሰርቆ፣ ከመከላከያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ጭነቱ ላኪም ተቀባይም ስለነበረው ስርቆቱ ወዲያው ታወቀ፤ ምንጩም በቀናት ውስጥ ተገኘ። ከጎያኒያ ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው።

በአዲሱ ሕንፃ ፈቃዱ አዲሱን አድራሻ እስኪያካትት ድረስ ምንም ቁስ አይገባም፤ ከመግባቱ በፊትም የክፍሎቹ የተፈጥሮ ጨረር መጠን ይለካል፤ አለበለዚያ ወደፊት የሚገኘው ጨረር ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። የቀረው የቁልፍ፣ የምልክትና የሥልጠና ጉዳይ ነው።

ረጅሙ ሥራ በአሮጌው ሕንፃ ይቀጥላል። ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ መሳቢያው፣ የአየር ማውጫ ቱቦውና የመታጠቢያ ገንዳው ፍሳሽ መያዣ በፍርግርግ እየተከፋፈሉ ይለካሉ፤ ከገጽታ በላይ የሰረገ ብክለት ከተገኘም የወለሉ ንጣፍ ወይም ቧንቧው ተነቅሎ እንደ ጨረር አመንጪ ቆሻሻ ይወገዳል። የማስጠንቀቂያ ምልክቶች የሚነሡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከተነሡ ቀጣዩን ተከራይ ያሳስታሉ፣ ሳይነሡ ከቀሩ ደግሞ ንጹሑ ዕቃ ቆሻሻ መጣያ ላይ ሽብር ይፈጥራል። በአሜሪካ ሕግ ቦታው ያለ ገደብ ለሌላ አገልግሎት እንዲውል የሚፈቀደው የተረፈው ቁስ ለአንድ ነዋሪ በዓመት ከ0.25 ሚሊሲቨርት በላይ እንደማይሰጥ ከተረጋገጠ ነው፤ ሚሊሲቨርት ጨረር በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ተፅዕኖ መለኪያ ሲሆን፣ የዓለም ሕዝብ ከተፈጥሮ ብቻ በአማካይ በዓመት 2.4 ያህሉን ይቀበላል። የልኬቱ ውጤት፣ የተነቀለው ዕቃ ዝርዝርና ቀደም ሲል ፈሳሽ የፈሰሰባቸው ቦታዎች ካርታ ለፈቃድ ሰጪው ቀርበው ተቀባይነት ሲያገኙ አሮጌው አድራሻ ከፈቃዱ ይሰረዛል፤ እስከዚያ ድረስ የክፍሉ ቁልፍ ከቤተ ሙከራው የጨረራ ደኅንነት ኃላፊ እጅ አይወጣም።