የእንግሊዝ ገጠር መንደር ምን ያህል ሰላም ነው? ከወንጀል ቁጥሩ ጀርባ ያለው እውነት

የእንግሊዝ ገጠር በፊልም ሲታይ ሌባ የማያውቀው ይመስላል። አሮጌ የድንጋይ ቤቶች፣ መሐል ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ፊት ለፊቱ መጠጥ ቤት፣ ከመንደሩ ወጣ ሲሉ በግ የሚግጥበት መስክ። እዚያ ሰው በሩን ሳይቆልፍ ያድራል ሲባልም ይሰማል። ቤት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ወይም ልጁ ለሥራ ወደዚያ የሄደበት ወላጅ ግን ወሬ አይበቃውም፤ "ቦታው ደህና ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህን ለመመለስ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ወንጀል እንዴት ይቆጠራል? ቁጥሩ የማያሳየው ምንድን ነው? መንደሩንስ የሚጠብቀው ማን ነው?

በመጀመሪያ አጠቃላዩን እንይ። በእንግሊዝ የመንግሥት ስታቲስቲክስ ገጠር የሚባለው የነዋሪው ቁጥር ከ10,000 በታች የሆነ ሰፈራ ነው። ከእንግሊዝ ሕዝብ ወደ 17 በመቶ የሚሆነው በእንደዚህ ያለ ቦታ ይኖራል። ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር፣ የቤት ስርቆትም ሆነ ዝርፊያ በገጠር ከከተማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን "ያነሰ" ማለት "የለም" ማለት አይደለም።

ድሮ ማን ይጠብቅ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1285 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የዊንቸስተር ድንጋጌ የሚባለውን ሕግ አወጡ። በሕጉ መሠረት ወንጀል ሲፈጸም ያየ ሰው ኡኡ ብሎ ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ደግሞ ወጥቶ ሌባውን ማሳደድ ግዴታው ነው። ወንበዴው በ40 ቀን ውስጥ ካልተያዘ ዕዳው በአካባቢው ሕዝብ ላይ ይወድቃል። ዘራፊ እንዳይሸሸግበትም ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ 200 ጫማ ያህል ቁጥቋጦው እንዲመነጠር ታዘዘ። በአገር ቤት አውጫጭኝ ተቀምጦ የሚያውቅ ሽማግሌ የዚህ ሕግ መንፈስ አይጠፋውም። ሌባን ማውጣት የአንድ ሰው ሳይሆን የመላው መንደር ኃላፊነት ነበር።

ደመወዝተኛ የሆነ ዘመናዊ ፖሊስ በለንደን የተቋቋመው በ1829 በሰር ሮበርት ፒል ነው። እንግሊዞች ፖሊስን "ቦቢ" የሚሉት በእሳቸው ስም ነው፤ ቦቢ የሮበርት ቁልምጫ ነውና። በ1856 ደግሞ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ ፖሊስ እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኮንስታብሉ ከቤተሰቡ ጋር በመንደሩ ይኖር ጀመር። በእግሩ ወይም በብስክሌት ይዞራል፤ የማን ልጅ ሰነፍ እንደሆነ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ያውቃል።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፖሊስ መኪናና ሬዲዮ ሲያገኝ ይህ ኑሮ ተለወጠ። ትናንሽ የፖሊስ ድርጅቶች ተዋሐዱ፤ ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 43 የአካባቢ ፖሊስ ድርጅቶች አሉ። የመንደር ፖሊስ ቤቶች እየተሸጡ መኖሪያ ሆኑ። ከ2010 በኋላ በመጣው የበጀት ቅነሳ የፖሊሶች ቁጥር ከ20,000 በላይ ቀነሰ። ከ2019 ጀምሮ 20,000 አዳዲስ ፖሊሶች እንዲቀጠሩ ቢደረግም፣ ኮንስታብሉ ወደ መንደሩ ተመልሶ አልገባም። ዛሬ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ፖሊሱ የሚመጣው ከሩቅ ከተማ ነው።

የወንጀል ካርታው እንዴት ይነበባል?

ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ ማንኛውም ሰው በፖሊስ ድረ ገጽ ላይ የአካባቢውን የወንጀል ካርታ ማየት ይችላል። የመንደሩን ስም ወይም የፖስታ ቁጥሩን ሲያስገባ፣ በዚያ ወር የተመዘገቡት ወንጀሎች በየመንገዱ በነጥብ ይታያሉ። ጠቃሚ ነገር ነው፤ ሳይጠነቀቁ ካነበቡት ግን ያሳስታል።

አንደኛ፣ ነጥቡ የቆመበት ቦታ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቤት አይደለም። የተበዳዩ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ወንጀሉ ቀድሞ በተመረጠ የቅርብ ነጥብ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ነጥብ የሚሸፍነው ቢያንስ ስምንት አድራሻ ያለበትን ክልል ወይም ሰው የማይኖርበትን ቦታ ነው። በገጠር ቤቶቹ የተራራቁ ስለሆኑ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ርቆ ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ሰው "ጎረቤቴ ቤት ሌባ ገብቷል" ብሎ ቢደነግጥ፣ ነገሩ የሆነው ከኮረብታው ማዶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ቁጥር በመቶኛ ሲሰላ ያስደነግጣል። 500 ሰው የሚኖርበት መንደር እናስብ። አምና ሁለት ቤት ተሰረቀ፤ ዘንድሮ አራት። ጋዜጣ ቢጽፈው "የቤት ስርቆት በመቶ በመቶ ጨመረ" ይላል። እውነት ነው፤ ግን አራቱም ቤቶች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሌባ ተሰርቀው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የሦስትና የአራት ዓመቱን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ወንጀሉ የሚቆጠረው በተፈጸመበት ቦታ ነው፤ የሚካፈለው ግን ለመንደሩ ነዋሪ ብቻ ነው። መንደሩ አጠገብ ቱሪስት የሚያቆምበት የመኪና ማቆሚያ ካለ፣ ከመኪና የሚሰረቀው ቦርሳ ሁሉ በመንደሩ ስም ይመዘገባል። መንደርተኛው ግን በሰላም ይኖር ይሆናል።

አራተኛ፣ የወንጀሉን ስም ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። "ጥቃትና የወሲብ ወንጀል" የሚለው ክፍል ድብደባን ብቻ አይይዝም፤ በስልክ ወይም በጽሑፍ ማስፈራራትና ማዋከብም እዚያው ይገባሉ።

ቁጥሩ የማይነግረን

ፖሊስ የሚቆጥረው የተነገረውን ነው። ያልተነገረውን ለማወቅ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1982 ጀምሮ ሌላ ጥናት ይካሄዳል። ጠያቂዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን "ባለፉት 12 ወራት ምን ደረሰብዎ?" ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥናት እንደሚያሳየው ወንጀል ከፍተኛ የነበረው በ1995 ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቤት ስርቆት በጣም ቀንሷል። በአንጻሩ ማጭበርበር ዛሬ ከሁሉም የበዛው ወንጀል ሆኗል። በስልክና በኢንተርኔት የሚፈጸም ስለሆነ በመንደሩ ካርታ ላይ አይታይም። ካርታው ባዶ በሆነበት መንደር ውስጥ ጡረታዋን በሙሉ ለአታላይ የላከች አሮጊት ልትኖር ትችላለች።

ከዚህም የባሰ የተደበቀው በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት ነው። በገጠር ወንጀል ላይ የሚሠራው ብሔራዊ ኅብረት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ እጅግ ገጠራማ በሆኑ አካባቢዎች ይህ ዓይነቱ ጥቃት በአማካይ 25 በመቶ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አመልክቷል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ጎረቤት ሩቅ ነው፤ አውቶቡስ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ ሴቲቱ "ማን ያምነኛል?" ትላለች። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር ከሌባ ይጠብቃል፤ ምስጢርም ይደብቃል።

የገጠር ሌባ ምን ይወስዳል?

በከተማ ሌባ የሚፈልገው ስልክና ጌጣጌጥ ነው። በገጠር ግን ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል፣ ትራክተር ላይ የሚገጠም የጂፒኤስ መሣሪያ፣ ናፍጣ፣ ከቤት ውጭ በታንከር የሚቀመጥ የማሞቂያ ዘይት፣ አንዳንዴም መንጋ በግ ይወስዳል። የአሮጌ ቤተ ክርስቲያናት ጣሪያ በእርሳስ የተሸፈነ ስለሆነ ሌሊት ተገፎ ይሸጣል፤ ምእመናኑ የሚያውቁት ዝናብ ሲዘንብ ነው። ገበሬዎችን የሚያስገባው ኤንኤፍዩ ሚውችዋል የተባለው የኢንሹራንስ ድርጅት በ2023 የገጠር ወንጀል በመላው ብሪታንያ ያደረሰውን ኪሳራ 52.8 ሚሊዮን ፓውንድ ብሎ ገምቶታል። በዚያው ዓመት ፓርላማው የእነዚህ መሣሪያዎች ስርቆት የሚገታበትን ሕግ አውጥቷል።

ፍርሃት ሰውን የት ያደርሳል?

ፖሊስ ሩቅ ነው የሚለው ስሜት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንድ ታሪክ ያሳያል። ቶኒ ማርቲን የተባለ ገበሬ በኖርፎክ አውራጃ፣ ኤምነዝ ሀንጌት በምትባል መንደር ለብቻው ይኖር ነበር። ሌቦች ደጋግመው እንደዘረፉትና ፖሊስም እንዳልረዳው ይናገር ነበር። ነሐሴ 1999 አንድ ሌሊት ሁለት ሌቦች ቤቱ ሲገቡ ፈቃድ በሌለው ጠመንጃ ተኮሰ። አንደኛው ቆሰለ፤ ሁለተኛው ሞተ። የሞተው የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ የተመታውም ከጀርባው ነው። ማርቲን በ2000 በግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የአእምሮውን ሁኔታ ተመልክቶ ቅጣቱን ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አደረገው፤ በ2003 ተፈታ።

አገሩ በሁለት ተከፈለ። አንዱ "ቤቱን የጠበቀ ሰው ለምን ይታሰራል?" አለ፤ ሌላው "የሚሸሽን ልጅ መግደል ራስን መከላከል አይደለም" አለ። በ2013 በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ ቤቱ ውስጥ ሌባ የገባበት ሰው በድንጋጤ የወሰደው እርምጃ በኋላ ሲታይ ከመጠን ያለፈ ቢመስልም ፍርድ ቤት ሁኔታውን ሊያይለት ይችላል። እጅግ ከመጠን ያለፈውን ግን ሕጉ አይፈቅድም። የሁለቱም ወገኖች ሕይወት የተበላሸው በአንድ ሌሊት ነው።

ሞሊንግተን ያገኘችው መንገድ

ሌላም መንገድ ነበር። በቼሻየር አውራጃ፣ ከቼስተር ከተማ አጠገብ ሞሊንግተን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1982 የቤት ስርቆት ያሳሰባቸው ነዋሪዎቿ ከፖሊስ ጋር ተነጋግረው በብሪታንያ የመጀመሪያውን የጎረቤት ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በዚያ የሸሪፎች ማኅበር በ1972 ጀምሮት ነበር። የማኅበሩ አባላት ዱላ ይዘው ሌሊት አይዞሩም፤ ሌባም አይዙም። ሥራቸው ማየትና መናገር ነው። ጎረቤት ሲጓዝ ፖስታውን ያነሡለታል፤ እንግዳ መኪና ደጋግሞ ሲያልፍ ታርጋውን ይጽፋሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ መጋረጃቸውን ካልገለጡ በራቸውን ያንኳኳሉ።

ይህ ሥራ ይጠቅማል? በ2008 ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ጥበቃ ባለበት ወንጀል ከ16 እስከ 26 በመቶ ያህል ያነሰ መሆኑን አግኝተዋል። ሆኖም ሁሉም ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አላሳየም። ማኅበሩ በቀላሉ የሚቋቋመው ድሮውንም ሰላምና መተዋወቅ ባለበት ሰፈር ነው፤ እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን ማቋቋሙ ከባድ ነው።

ይህን የሚያሟላ ትምህርት የተገኘው ከመንደር ሳይሆን በሮችዴል ከተማ ካለው ከርክሆልት ሰፈር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጥናት ሲደረግ፣ አንዴ የተሰረቀ ቤት ብዙም ሳይቆይ እንደገና እንደሚሰረቅ ታወቀ። ሌባው መግቢያውን ለምዶታል፤ ባለቤቱም አዲስ ዕቃ ገዝቷል። ስለዚህ ጥበቃው በሙሉ በተሰረቁት ቤቶች ላይ እንዲያተኩር ተደረገ፤ በቅርብ ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶች ያንን ቤት በዓይናቸው እንዲጠብቁ ተለመኑ። ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ፣ ሌባ የሚጎመጅባቸው የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎችም ተነሡ። በሦስት ዓመት ውስጥ የቤት ስርቆቱ ወደ ሩብ ያህል ወረደ።

ለቤት የሚበጀው

የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ቤትን በደንብ የሚጠብቁት አራት ነገሮች በአንድነት ሲሆኑ ነው። እነሱም የመስኮት ቁልፍ፣ ጠንካራ የበር ቁልፍ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት በራሱ የሚበራ የውስጥ መብራትና ሰው ሲጠጋ የሚበራ የውጭ መብራት ናቸው። ከዚህ ሌላ ፖሊሶች የፊት አጥር ዝቅ ብሎ እንዲከረከምና መግቢያው ላይ ሲረገጥ የሚንኳኳ ጠጠር እንዲደረግ ይመክራሉ። የ1285ቱ የቁጥቋጦ ትእዛዝ ዛሬም በሌላ መልኩ ይሠራል ማለት ነው።

በር ላይ መጥቶ "ጣሪያዎ ሊወድቅ ነው፣ አሁኑኑ በጥሬ ገንዘብ ልጠግነው" የሚል ሰው ካለ፣ በሩን ዘግቶ ዘመድ ወይም ጎረቤት ማማከር ነው። ፖሊስ ወይም ባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለም ስልኩን ዘግቶ 159 መደወል ይቻላል፤ ከአብዛኞቹ የብሪታንያ ባንኮች ጋር በቀጥታ ያገናኛል።

እንግሊዝ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው የስልክ ቁጥሮቹን አለመቀላቀል አለበት። እስራኤል ውስጥ 101 የማገን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን 101 የሚያገናኘው ከፖሊስ ጋር ነው፤ እሱም ለማይቸኩል ጉዳይ ነው። ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለአስቸኳይ የፖሊስ እርዳታ የሚደወለው 999 ነው። መናገር የማይችል ሰው ከሞባይል 999 ደውሎ ሲጠየቅ 55ን ቢጫን ወደ ፖሊስ ይተላለፋል።

በ2022 መጨረሻ የእንግሊዝና የዌልስ የፖሊስ አዛዦች ሌባ የገባበትን ቤት ሁሉ ፖሊስ ሄዶ እንዲያይ ቃል ገብተዋል። ጥሩ ቃል ነው፤ ፖሊሱ የሚደርሰው ግን ከተሰረቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ መንደር ደህንነት የሚጠይቅ ሰው ካርታውን ይመልከት፤ ከዚያ ግን ቅዳሜ ቀን ሄዶ በመንደሩ ይዙር፣ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ባለሱቁን ያነጋግር፣ ማታም ተመልሶ ይይ። ሁለት ጥያቄ ደግሞ ይጠይቅ፦ "እዚህ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ? ማንስ ይጠይቃቸዋል?" ለሁለተኛው ጥያቄ ስም ጠርቶ የሚመልስ ሰው ካለ፣ ያ መንደር ጠባቂ አለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በእንግሊዝ ገጠርም ይሠራል።