ዘንጉ ሳይሰበር ከኮልፌ እስከ ግቤ

ዴቪድ ሲማንን የማያስታውስ የአርሴናል ደጋፊ ካለ እጁን ያውጣ! ከ1990 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የመድፈኞቹን ግብ የጠበቀው ባለ ቁጥርጥር ፀጉሩ በረኛ ከሜዳ ውጭ ሌላ ፍቅር ነበረው፤ ዓሣ ማጥመድ። በ2003ቱ የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ የሼፊልድ ዩናይትዱን ፔስኪሶሊዶ ኳስ ከመስመር ላይ ጎትቶ ያወጣው ያ እጅ፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ካርፕ ሲጎትት ይውላል።

እንግሊዝ አገር የዘንግ መጫኛው ከሱቅ ይገዛል። ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ ግን ሱቁን ከመፈለግ በያጅ ዘንድ መሄድ ይቀላል። ደግሞስ ረጅም ነገር መጫን ለኮልፌ ሰው ማን ያስተምረዋል? አጠና ተራ እዚያው ነው። ባህር ዛፉ ከኋላ ተርፎ ሲወጣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ገመዱም ሁለት ቦታ ይጠብቃል። የዓሣ ዘንግ ግን አጠና አይደለም። ቀጭን ነው፣ ይጫራል፣ በር ሲዘጋበት ቀጭ ይላል።

ከአየር ጤና ተነስቶ የጅማን መንገድ ለያዘ ሰው ግቤ ወንዝ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ለቆሮሶና ለአምባዛ ላንጋኖ፣ ለግዙፉ ናይል ፐርች ጫሞ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ ለተለቀቀው ትራውት ደግሞ የባሌ ወንዞች አሉ። ሁሉም ረጅም መንገድ ነው፤ ዘንግ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ዳር ሳይሆን መኪና ውስጥ ነው። የካርቦን ዘንግ ከብረት ጋር ሲፋተግ ጭረት ይይዛል፤ ጭረቱ ቤት ውስጥ አይታይም። ትልቁ ዓሣ ሲጎትት ነው ጉዱ የሚፈላው! ክሩ የሚያልፍባት ቀለበት ከተሰነጠቀችም ክሩን እንደ ምላጭ ትበጥሰዋለች።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንድ ወፈር ያለ የፒቪሲ ቱቦ በዘንጉ ልክ በሴጌቶ ይቆረጣል። አንደኛው ጫፍ ለዘለቄታው ይደፈንና ውስጡ ስፖንጅ ይገባበታል፤ ሌላኛው የሚከፈት ክዳን ይኖረዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ የተደፈነው ጫፍ ወደ ፊት፣ ክዳኑ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ዘንጎቹ ወደ ፊት ስለሚገፉ ስፖንጁ ይቀበላቸዋል፤ ነፋሱም ክዳኑን አይነቅለውም። ከታች በኩል በትራፓኖ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ካልተበጀ ዝናቡ ውስጡ ይጠራቀማል።

ቱቦው ፖርቶ መጋላው ላይ ፊትና ኋላ፣ ሁለት ቦታ ይታሰራል። ፖርቶ መጋላ ከሌለ በያጁ ከቱቦላሬ ይሠራዋል፤ ብረቱ ቱቦውን የሚነካበት ቦታ ያረጀ ካላማዳሪ ይጠቀለልበታል። ርካሽና የማይንሸራተት ነው፤ ከሱቁ ላስቲክ አያንስም።

ቤት ውስጥ የሚሰቅሉም አሉ። በጣሪያው እጀታዎች መሃል ሁለት ቀበቶ ወጥሮ ዘንጎቹን በጣሪያው ሥር ማሳለፍ፣ ለዲኤክስም ለሚኒባስም ይሆናል። ነገር ግን መንጠቆውና እርሳሱ መፈታት አለባቸው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሕፃን ዓይን ፊት የሚወዛወዝ መንጠቆ ቀልድ አይደለም፤ መኪናው ሲጋጭም የዘንጉ ጫፍ ወደ ሾፌሩ መዞር የለበትም። የጎን ኤር ባግ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች እጀታው ላይ ምንም ባይታሰር ይመረጣል፤ ኤር ባጉ የሚፈነዳው በዚያው በኩል ነውና።

ፒክአፕ ላይ ዘንግ አቁሞ መሄድ ፎቶ ላይ ያምራል። የመንደር መንገድ ላይ ግን ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ አለ፣ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አስተኝቶ መጫን ነው የሚሻለው።

ይሄ የአጥማጆች ጉዳይ ብቻ የመሰለው ደጋፊ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ባለፉበት ዕለት፣ በየመኪናው መስኮት የባንዲራ እንጨት ወጥቶ ነበር። የሚይዘው እጅ ነው፤ ያውም በጭፈራ የደከመ እጅ። ከቱቦው ትራፊ አንድ ክንድ ተቆርጦ ፖርቶ መጋላው ላይ ቢታሰር ለባንዲራውም ማቆሚያ ይሆናል፤ ሽቦ በሌለበት መንገድ።