የበቅሎዋ ሰኮና

የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። ከአሸተን ማርያም ተራራ ጎን ባለው የትምህርት ጣቢያችን አንድ አባት ዘግይተው ገቡ። ደብተራቸውን ሳይገልጡ ዝም ብለው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምነው ዛሬ?» አልኳቸው።

«በቅሎዬ አነከሰችብኝ፣ ልጄ። ቅዳሜ ገብስ ጭኜ ላሊበላ ገበያ ልወርድ ነበር። ነገ ትከሻዋን አስተኩሳታለሁ» አሉ።

«ሰኮናዋን ከሥር አይተውታል?»

«ምኑን አየዋለሁ! ድንጋይ የለመደች በቅሎ ናት።»

በማግሥቱ ጠዋት አብረን ሄድን። እኔ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እግር ማንሳቱን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይችሉበታል። ከትከሻዋ ጎን ቆሙ። እጃቸውን ከላይ ወደ ታች እያሻሹ አወረዱ። እግሯን ሰጠቻቸው። ሁለቱን የፊት ሰኮናዎች በእጃችን ዳሰስን። ያመማት ከሌላው ይልቅ ይሞቃል። ጭቃውን በደነዘ ብረት ጠርገን ስናይ፣ አንድ ጠጠር ተሰንቅሮ አገኘን። ከሥሩ ጥቁር እዥ ወጣ። ሸተተን።

ሽማግሌው ጠጠሩን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። «ለዚህ ነው ትከሻዋን ላቃጥል የነበረው?» አሉ።

አንካሳነት ብዙ ጊዜ ከሰኮና ይጀምራል። ሕመሙ ከታች ሆኖ ከላይ ቢተኩሱ፣ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ሰኮናዋን በጨው ውኃ አጠብነው። ደረቅ ቦታ አሰርናት። ሽማግሌው ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ዘንድም ወሰዷት። ይህን አትተዉ። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ሰኮናቸው በሚስማር ወይም በእሾህ ሲወጋ መንጋጋ ቆልፍ ቶሎ ይይዛቸዋል። እሱ ደግሞ ይገድላል።

ሰኮና እንደ እኛ ጥፍር ነው። በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከጠጉሩ ሥር የበቀለው መሬት እስኪደርስ 1 ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሰኮና በአንድ ሳምንት አይድንም። በክረምት እበትና ጭቃ ላይ የዋለ ሰኮና ይለሰልሳል፤ ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ የላስታ ድንጋይ ይፈገፍገዋል። ሥራ ፈታ የቆመች በቅሎ ሰኮናዋ ይረዝማል፣ ይጣመማል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ በሞረድ ማስተካከል ይገባል። ደም እስኪወጣ አይቆረጥም። የአህያ ሰኮና ከፈረስ ይልቅ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ፈረስ ይምሰል ብላችሁ አትቁረጡት።

«የብረት ጫማ ይሻላታል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰኮናው ከሚያድገው ይልቅ የሚያልቀው ከበለጠ ይጠቅማል። አስፋልት ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንዲህ ያጋጥመዋል። ግን ብረቱ በሰኮናው ልክ ይሠራል እንጂ ሰኮናው በብረቱ ልክ አይቆረጥም። ሚስማሩ የሚገባው ሕመም በማይሰማው በውጭኛው ግድግዳ ብቻ ነው። ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ ሥጋ ይወጋል። ሰኮናው ከብረቱ በላይ ማደጉን አይተውም። ስለዚህ በ6 ወይም በ8 ሳምንት ብረቱ ይነቀላል፤ ሰኮናው ይስተካከላል፤ እንደገና ይመታል። ይህን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ፣ በእኔ አስተያየት ባዶ ሰኮና ይሻላል።

ያን ቅዳሜ ገብሱ ገበያ አልወጣም። ሽማግሌው ከፋቸው፤ ግን አልጫኗትም። በቅሎዋ ከዳነች በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን ባለሙያው ሰኮናዋን ሞረደላት። ሽማግሌው ጣታቸውን እየቆጠሩ 8 ሳምንት አሰቡ። ከዚያ ከሰል አንሥተው በበራቸው መቃን ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «ታኅሣሥ 1። ሰኮና።»

«ስምንቱ ሳምንት የሚሞላው ገና 4 ሳምንት ሲቀረው ነው» አሉኝ። «የገና እንግዳ ስንቅ የምትጭነው እሷ ናት።»