ከሴራሚኩ በፊት ወለሉ ይታይ

በየአጥቢያው የእንግዳ ማረፊያ ወይም የአብነት ተማሪዎች መኖሪያ በሚታደስበት ጊዜ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት አብዝተው የሚወያዩት ስለ ሴራሚኩ ቀለምና ዋጋ ነው፤ ከሥሩ ስላለው ወለል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በአንድ አጥቢያ ይህንኑ ስሕተት ፈጽመናል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሳይስተካከል ሴራሚክ እንዲነጠፍ ፈቀድን፤ ብዙም ሳይቆይ ውኃው በማእዘን ይቋጥር፣ ሴራሚኩም ይሰነጠቅ ጀመር። ምእመናን በአሥራትና በስእለት የሰጡት ገንዘብ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ወጣ።

የመታጠቢያ ቤትን ወለል ማስተካከል ሲባል እንደ መኝታ ክፍል ዝርግ ማድረግ አይደለም። ጉድጓዱና ጉብታው ይጠፋል፤ ወለሉ ግን በ1 ሜትር ርቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሽ መውረጃው ማዘንበል ይኖርበታል። ከዚህ የበዛ እንደሆነ አረጋውያንን ያንሸራትታል።

ሥራው የሚጀመረው በምርመራ ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ በወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፈው ስፍራ በጠመኔ ይከበባል። ቀጥሎም ወለሉ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሊሾ ከታችኛው ኮንክሪት የለቀቀ ስለሆነ ተፈልፍሎ መነሣት አለበት። ብዙ ግንበኞች ይህን ይዘሉታል። ጉድጓዱንም ሴራሚኩን በሚያጣብቁበት ሲሚንቶ እዚህም እዚያም በማወፈር ሊሸፍኑት ይሞክራሉ፤ ከሴራሚኩ ሥር ባዶ ስፍራ ስለሚቀር ግን ክብደት ሲያርፍበት ይሰበራል።

ወለሉ ከአቧራ ጸድቶ ከራሰ በኋላ በውኃ የቀጠነ ሲሚንቶ ይቀባል። እርሱ ሳይደርቅም 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ተለውሶ፣ ተዳፋቱን በጠበቀ ክር ልክ ይለሰናል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ትዕግሥት ነው፤ አዲሱ ሊሾ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለ7 ቀናት ያህል ውኃ ይጠጣል። ግንበኛው በማግስቱ ሴራሚክ ልንጠፍ ማለቱ አይቀርምና ይህ ጊዜ አስቀድሞ በውሉ ቢጻፍ መልካም ነው።

ሊሾው ሲጠነክር ኮሚቴው ራሱ ተገኝቶ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስስበት። ውኃው ሳይወርድ የቀረበት ስፍራ እስኪሞላ ድረስ ሴራሚኩ ከዕቃ ቤት አይውጣ፤ የወለሉም ክፍያ አይለቀቅ።